ሽፋን ሙጫ አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሰው ጥርስ ለማስተከል ሲመጣ የሚነግረኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ ሽፋን ያለውን ቲታኒየም አድርግልኝ፤ ወዲያው ይይዛል አሉ፤ በሳምንቱ ሥጋ ልብላበት።» ቲታኒየም መንጋጋ አጥንት ውስጥ የምንተክለው፣ ሰው ሠራሹን ጥርስ የሚሸከመው ብረት ነው። መስማቱ በጣም ሰልችቶኛል። የተተከለ ጥርስ የሚያስነቅለውም ይኸው እምነት ነው።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ወሬዎች ላንሳ።

«በድሬ ሙቀት ብረቱ ይግላል።» አይግልም። ውጭው ቢነድም ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠውም እንደዚያው።

«ይዝጋል።» አይዝግም። ቲታኒየም አየር ሲነካው ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ) ውፍረት ያለው ኦክሳይድ የሚባል ስስ ልብስ ወዲያው ይለብሳል። ቢጫር እንኳ መልሶ ይለብሳል። ሰውነት የሚስማማውም ከዚህ ልብስ ጋር ነው።

«ኤምአርአይ መነሳት ቀረ።» አልቀረም፤ ማሽኑ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ቲታኒየም ግን በማግኔት አይሳብም። ለባለሙያው ግን ሳትነግሩ አትግቡ።

«ሽፋኑ ይላጣል።» እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለ። ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል፣ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚቀራረብ ነገር አለ። በኃይለኛ ሙቀት ብረቱ ላይ ይረጫል። በሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ዛሬም ይሠራበታል። በጥርስ ላይ ግን ከድሮዎቹ ወፍራም ሽፋኖች የሚለቁ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው የሚተከል ጥርስ የተቀባ ነገር የለውም። ፊቱ በደቃቅ ቅንጣት ተመትቶ፣ በአሲድ ተበልቶ እንዲሻክር ይደረጋል። ታካሚዎቼ «ሽፋን» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሻካራው ፊት ምንም አያጣብቅም። ግንበኛ ልሙጥ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት ለምን ይጠቀጥቀዋል? ልስኑ የሚይዝበት እንዲያገኝ ነው። እኛ ጋ ልስኑ አጥንቱ ነው። አጥንት ደግሞ ሕያው ነው፤ በራሱ ጊዜ ያድጋል። ይሄን ያየው ስዊድናዊው ሐኪም ብሮነማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ቲታኒየም አጥንት አድጎበት አልወጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሰው ላይ ሠራው። ያኔ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቅ ነበር። ሻካራው ፊት ይሄን ጊዜ ጥሩ አጥንት ላለው ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት አውርዶታል። ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ሳምንት አይደለም!

ባለፈው አንድ ሹፌር መጣ። እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» እያለ ነው የሚያወራኝ። «አቦ፣ አያመኝም እኮ! ቆሎ በላሁበት።» ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ነካ ሳደርገው ተነቃነቀ። አወጣሁት።

ሦስተኛው ሳምንት ክፉ ነው። መጀመሪያ ጥርሱን አጥብቆ የያዘው አሮጌው አጥንት እየታደሰ ይላላል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ሕመሙ ግን ጠፍቷል። ሰውም «ዳንኩ» ይላል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ከ0.15 ሚሊሜትር በላይ እየተንቀሳቀሰ ከቆየ በዙሪያው የሚያድገው አጥንት ሳይሆን እንደ ጠባሳ ያለ ለስላሳ ሥጋ ነው። እሱ ጥርስ አይሸከምም። የሌለው ሕመም አያታላችሁ።

በተከላው ቀን ጊዜያዊ ጥርስ የምናስርላቸው ሰዎችም አሉ። አይታችሁ አትቅኑ። እነሱም ለስላሳ ምግብ ነው የሚበሉት።

«ሽፋን ካለው ኢንፌክሽን አይነካውም» የሚሉኝም አሉ። እንዲያውም ድድ ሸሽቶ ሻካራው ፊት ከተጋለጠ ባክቴሪያ ይመቸዋል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ቦርሹ። ሲጋራ ተዉ፤ የአጥንቱን መያዝ በጣም ይጎዳል። ስኳር ካለባችሁ ከመተከሉ በፊት አስተካክሉት። ጫት የምትቅሙ ደግሞ እስኪይዝ ተዉት፤ ቢያንስ በዚያ ጉንጭ አትያዙ። በምላሳችሁ እየገፋችሁ «ይዞ ይሆን?» ብላችሁ አትሞክሩት። መያዙን የማየው እኔ ነኝ፤ ቀጠሮ አትቅሩ።