2,147,483,647፦ ከኦይለር እስከ ጥምቀት ማለዳ

ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። ትንፋሽ ያስጨርሳል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው፦ 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ። ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ብቻ ሲጽፈው ደግሞ 31 አንዶች ይደረደራሉ።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እንደ 3፣ 7 እና 31 በዚሁ መንገድ ተሠርተው ብቸኛ የሆኑት ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሰን ስም ይጠራሉ። ይሄኛው ስምንተኛው ነው። መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ስንት ሁለቶች ቢባዙ ብቸኛ ቁጥር እንደሚገኝ ሲዘረዝር 31ን በትክክል አስገብቷል፤ 67 እና 257 ላይ ግን ስቷል።

ማረጋገጫው የመጣው ከስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ለሂሳብ ሊቁ ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ። ያኔ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር! በጉልበት ቢሄድ እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከ4,700 በላይ ናቸው፣ አንድ በአንድ ማካፈል ነበረበት። እሱ አቋራጭ ነበረው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ አካፋይ ራሱ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ይተርፈዋል። ሌላው ሁሉ ሳይሞከር ይጣላል። መጀመሪያ ተራው የሚደርሰው 311 ነው፤ 6,905,092 ጊዜ ደርሶ 35 ይቀራል። አልሆነም። ቀጥሎ ወደ 1,303 ይዘለላል። እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ አንዱም እኩል አያካፍለውም።

ከዚሁ ቁጥር ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይወለዳል፦ 2,305,843,008,139,952,128። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው እሱኑ ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም አለ። ጥቅም የሌለው ነገር ማን ይደክምበታል ብሎ ነው። ብዙም አልቆየ፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካ ባለ 39 አሃዙን የመርሰን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ትልቅ ፍጹም ቁጥርም አብሮ መጣ።

«ጥቅም የለውም» የተባለው ቁጥር ግን ዛሬ የማይገባበት የለም። ኮምፒውተር ቁጥርን በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) ሲይዝ አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል። ለቁጥሩ 31 ይቀራሉ። ጣሪያው ይኸው 2,147,483,647 ነው። አንድ ሲጨመርበት ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ −2,147,483,648 ይሆናል። የደቡብ ኮሪያዊው ዘፋኝ የሳይ (PSY) «ጋንግናም ስታይል» የታየበት ብዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ወደዚህ ጣሪያ ሲጠጋ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ቀይሮታል። የአዲሱ ጣሪያ ውበት ግን ቀንሷል፤ 9,223,372,036,854,775,807 በ7 ይካፈላል።

ትልቁ ጣጣ ሰዓት ላይ ነው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት የሚይዙት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይሞላባቸዋል። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት። በእኛ አቆጣጠር ከማለዳው 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ወደ 64 ቢት ስለተሻገሩ አያሰጋቸውም። በየማሽኑ ውስጥ የተረሱ አሮጌ ሲስተሞች ግን በቀጣዩ ሰከንድ ራሳቸውን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን።