ካሊብሬሽን ምንድን ነው? ሲግናል መያዝ ግን አይደለም

«አንቴናው ሳተላይቱን ይዟል፤ ስለዚህ ካሊብሬት ተደርጓል» ብሎ የጻፈ ሰው ሰሞኑን አየሁ። ይህ አባባል በዛ። ጅማ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተተከለ የ90 ሴንቲሜትር ዲሽ ግማሽ ዲግሪ ቢዛነፍም ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። በ36,000 ኪሎሜትር ርቀት ግን ግማሽ ዲግሪ ከ300 ኪሎሜትር በላይ ነው። ድራማ ለሚያይ ሰው ምንም አይደል። ሳተላይት የት እንዳለ ለሚለካ የመከታተያ አንቴና ግን ትልቅ ስህተት ነው።

ካሊብሬሽን ማለት የመሣሪያውን ንባብ አስቀድሞ በትክክል ከሚታወቅ ነገር ጋር አስተያይቶ ስህተቱን መመዝገብ ነው። ጥገና አይደለም። የቡና ነጋዴ ሚዛን አስቡ። 20 ኪሎ መሆኑ የተረጋገጠ ብረት ጭነን 19.6 ካለ፣ ብረቱ ሚዛኑን አላስተካከለውም፤ 400 ግራም እንደሚያጎድል ነገረን እንጂ። በ20 ኪሎ ያየነው ደግሞ ለ80 ኪሎው ዋስትና አይሆንም። ትልቅ አንቴናም አድማስ ሲያይና ሽቅብ ሲያይ በራሱ ክብደት የሚጎብጠው እኩል አይደለም። ስለዚህ ሰማዩን የሚያቋርጥ ሳተላይት ያስፈልጋል። ባለበት የቆመ የሚመስለው የቲቪ ሳተላይት አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠን።

ብረቱ ራሱ፣ ለአንቴና ማለትም የሳተላይቱ ቦታ፣ ያልተረጋገጠ ከሆነስ? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርደው የምህዋር መረጃ ገና ትኩስ ሳለ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ ሲያድር ይብስበታል። በ500 ኪሎሜትር ከፍታ በአናታችን ለሚያልፍ ሳተላይት ይህ ከዲግሪ አንድ አስረኛ ይበልጣል። በእሱ የዲግሪ አንድ መቶኛን ማረጋገጥ አይቻልም! የሳተላይትን ርቀት በሌዘር የሚለኩ ጣቢያዎች በ1976 የመጠቀችውን ላጂኦስ የተባለች ሳተላይት የሚወዱት ለዚህ ነው። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት፣ 426 አንጸባራቂዎች የተተከሉባት ኳስ ናት፤ ያለችበት ቦታ በሴንቲሜትር ደረጃ ይታወቃል። ለራዳር ደግሞ በ1965 የመጠቀ የአሉሚኒየም ኳስ አለ። እሱ የሚያገለግለው ለአቅጣጫ ሳይሆን ተመልሶ የሚመጣውን ሞገድ ጥንካሬ ለመመዘን ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ሰዓትም አለ። ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት በሰከንድ 7.5 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሰዓታችሁ በሰከንድ አንድ አስረኛ ከሳተ 750 ሜትር ጠፋ ማለት ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ብዙም ስለማትርቅ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ያለው፣ የሬዲዮ ሞገድን የሚያዛባው አዮኖስፌር የተባለ ንብርብር ብዙ ጊዜ ይታወካል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። በዚያ ሰዓት የጂፒኤስን በመሳሰሉ ሞገዶች ከለካችሁ ሰዓቱን አብራችሁ መዝግቡ። አለዚያ የአየሩን ስህተት አንቴናው ላይ ትጭኑበታላችሁ።