ጅራታም ኮከቡና ማዳም ጋሉሼ

ተወዳጆች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ሰኔ 13 ጅራታም ኮከብ ምድርን ይመታል የሚል ወሬ ፓሪስን አስጨንቋት ነበር። ቀኑ መጣ፣ አለፈ። በዓመቱ ግን የዶናቲ የሚባለው እውነተኛ ጅራታም ኮከብ ታየ። በዚያ ዘመን ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚዬ «ሻሪቫሪ» በሚባለው የፌዝ ጋዜጣ ላይ በሰዉ ይስቅ ነበር። ምሁራኑንም አልማረም። በአንዱ ሥዕል ሳይንቲስቱ ባቢኔ በሩቅ ማያ መነጽሩ ሌላ አቅጣጫ ያያል፣ ኮከቡን የምትነግረው የግቢው ጠባቂ ናት።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ሥዕል ነው። ግርጌው ላይ የሰፈር ወሬ ተጽፏል፦ ጅራታም ኮከብ ሁልጊዜ መከራ ያመጣል፤ ታዲያ ምስኪኗ ማዳም ጋሉሼ በድንገት ብትሞት ምን ይገርማል!

ያስቃል። ሴትዮዋ ግን ሞታለች። ሠዓሊው የፈጠራት ብትሆንም አሳዘነችኝ። ነፍስ ይማር ያላት የለም። ሞቷ የኮከብ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

እኛስ ለቅሶ ቤት ምን እያልን ነው? «ሌሊቱን ጉጉት ሲጮህ ነበር።» «እኔማ ጥርሴ ሲወልቅ በሕልሜ አይቼ ነበር።» ቆራቢው ሰው፣ ጿሚው ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚለው! ሐዘንተኛዋ እየሰማች። ምነው ወገኖቼ?

ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 13 የጻፈውን አንብቡ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ጌታችን ስለ ሟቾቹ ምልክት አልፈታም። ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውንም ግምት «አይደለም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ አዞረ፦ ንስሐ ግቡ። ሟቹን ትተን ራሳችንን እንድናይ ነው። ይህ ከባድ ስለሆነብን ይመስለኛል ወደ ጉጉቷ የምንሸሸው።

«የቤተልሔሙስ ኮከብ?» የሚል አይጠፋም። እሱ ሰብአ ሰገልን ለስግደት መራ። የደነገጠው ሄሮድስ ነበር።

አልዓዛር ሲሞት ጌታ ቤተሰቡን ምን ምልክት አያችሁ አላለም። አለቀሰ። ትንሣኤ እንዳለም ለማርታ ነገራት።

አንቺ ልጅሽን የቀበርሽ እህቴ፣ ያን ሕልም ቀድሜ ብናገር ኖሮ እያልሽ ራስሽን አትክሰሺ። ጉጉቷም አልወሰደችውም። ልጅሽ በፈጣሪው እጅ ነው። አልቅሺ፣ ጌታም አልቅሷል።