የማይክ ግራቬል የፕሬዚዳንትነት ዘመቻዎች

ማይክ ግራቬል የአላስካን ግዛት ወክለው ከ1969 እስከ 1981 በአሜሪካ ሴኔት ያገለገሉ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበሩ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከሴኔት ከወጡ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ብዙው መራጭ ስማቸውን በረሳበት ጊዜ፣ የፓርቲያቸው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሁለት ጊዜ ተወዳደሩ፤ መጀመሪያ በ75፣ ኋላም በ88 ዓመታቸው። የማሸነፍ ዕድል በሁለቱም ጊዜ አልነበራቸውም። የፈለጉት መድረኩንና ማይክሮፎኑን ነበር፤ ትግሉም የተካሄደው በዚያው በመድረኩ በር ላይ ነው።

ግራቬል ቀድሞም በደፋርነት የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ጁን 29 ቀን 1971 ሌሊት፣ መንግሥት ስለ ቬትናም ጦርነት ደብቆ ያቆያቸውን የፔንታጎን (የመከላከያ ሚኒስቴሩን) ሰነዶች በሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ማንበብ ጀመሩ። ንዑስ ኮሚቴው የሚመለከተው የመንግሥት ሕንፃዎችን ጉዳይ መሆኑ አላገዳቸውም። እያነበቡ ዕንባ አሸነፋቸውና ንባቡን አቋርጠው ቀሪውን በጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር አያያዙት። በ1980 ግን የገዛ ፓርቲያቸው መራጮች ጣሏቸው። ያሸነፋቸው፣ እርሳቸው በ1968 ከሴኔት ያስወጧቸው የአዛውንቱ ሴናተር የኧርነስት ግሩኒንግ የልጅ ልጅ ነበር።

የመጀመሪያውን ዘመቻ ያወጁት በኤፕሪል 2006 ነው። ዋና ዓላማቸው ሕዝቡ በራሱ ድምፅ በቀጥታ ሕግ የሚያወጣበት ሥርዓት እንዲዘረጋ፣ የኢራቅ ጦርነትም እንዲቆም ነበር። በኤፕሪል 2007 በሳውዝ ካሮላይና፣ ኦሬንጅበርግ በተካሄደው የስምንት ተወዳዳሪዎች ክርክር ላይ ታዳሚውን ያሳቁትም ያስደነገጡትም እርሳቸው ናቸው። ሴኔት ሲገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እኔ እንዴት እዚህ ደረስኩ?» ብለው እንደተገረሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን «እነዚህ ሌሎቹስ እንዴት ደረሱ?» ማለት እንደጀመሩ አወጉ። ወዲያውም ከጎናቸው የቆሙት አንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች እንደሚያስፈሯቸው ተናገሩ። ባራክ ኦባማን በኑክሌር የሚመታው ማንን እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቁት፤ ኦባማም ለጊዜው ማንንም የመምታት ዕቅድ እንደሌለው በፈገግታ መለሰ።

ከዚያ በኋላ የወጣው የምረጡኝ ቪዲዮአቸው ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። ሽማግሌው ከአንድ ደቂቃ በላይ ቃል ሳይተነፍሱ ካሜራውን አፍጥጠው ያያሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ውሃ ውስጥ ይወረውሩና መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ተቀባበለው። ቪዲዮውን ማየትና ድምፅ መስጠት ግን ለየቅል ናቸው፤ በምርጫው አንድ በመቶ እንኳ ማግኘት ተሳናቸው። ከድምፅ መስጫው በፊትም፣ በኦክቶበር 2007፣ በሕዝብ አስተያየት ጥናትና በተሰበሰበ ገንዘብ መመዘኛ ምክንያት ከፊላደልፊያው ክርክር ውጭ ተደርገዋል። በማርች 2008 የመንግሥት ሥልጣን እንዲገደብ ወደሚሻው ትንሽ ፓርቲ፣ ወደ ሊበርታሪያን ፓርቲ ተሻገሩ፤ እዚያም በሜይ በተካሄደው የዕጩ መምረጫ ጉባኤ ተሸነፉ።

ሁለተኛው ዘመቻ የተጠነሰሰው በሁለት የኒው ዮርክ ጎረምሶች ነው። በ2019 ወደ ግራቬል ስልክ ደውለው አግባቧቸውና የትዊተር ገጻቸውን ተረከቡ። ዕጩው ካሊፎርኒያ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ወጣቶቹ በስማቸው ታዋቂ ፖለቲከኞችን አንድ በአንድ ይተርቡ ጀመር። ግባቸው ማሸነፍ አለመሆኑን አልደበቁም፤ የአሜሪካን የጦርነት ፖሊሲ የሚነቅፍ ድምፅ በክርክሩ መድረክ እንዲሰማ ነበር የሚሹት።

ፓርቲው በበኩሉ ለመጀመሪያዎቹ ክርክሮች ሁለት መግቢያ አዘጋጅቶ ነበር፦ በሦስት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አንድ በመቶ ማግኘት፣ ወይም 65,000 ለጋሾችን ማሰባሰብ። አንድ ዶላር የሰጠም ለጋሽ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ዘመቻው «አንድ ዶላር ብቻ» እያለ ለምኖ በጁላይ 2019 ቁጥሩን ሞላ። ይሁን እንጂ የመድረኩ ቦታ 20 ብቻ ስለነበር፣ ተወዳዳሪ ሲበዛ ቅድሚያ የሚሰጠው በጥናቶቹ ውጤት ላገኘው ነበር። አንድ ተወዳዳሪ ራሱን በማግለሉ የተከፈተውን ቦታ የሞንታናው ገዥ ስቲቭ ቡሎክ ወሰዱት። መመዘኛውን ያሟሉት ግራቬል ክርክሩን እንደማንኛውም ተመልካች ከውጭ ተከታተሉ።

ዘመቻው በኦገስት ተዘጋ። ግራቬል ድጋፋቸውን ለሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ለበርኒ ሳንደርስና ለቱልሲ ጋባርድ ሰጡ፤ ከተረፈው ገንዘብ ከፊሉም በስማቸው ለተቋቋመ፣ የግራ ዘመም አስተሳሰብን በቪዲዮ ለሚያስተምር ተቋም ማቋቋሚያ ዋለ። ግራቬል በጁን 2021 በ91 ዓመታቸው አረፉ።