የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ምንድን ነው?

ሐኪም ቤት «ራጅ ተነሣ» ስንባል አጥንታችንን የሚያሳየው ጨረር ከሰማይም ይመጣል፤ የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ይህንኑ ጨረር እየለቀመ ምንጩን የሚያጠና ሳይንስ ነው። ብላክ ሆልን (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል) ከኒውትሮን ኮከብ (ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ሲያልቅ ከሚቀረው እጅግ የታመቀ ቅሪት) ለይተን እንድናውቅ ትልቁን ድርሻ ያበረከተውም እርሱ ነው።

ከብላክ ሆል ብርሃን እንኳ የማያመልጥ ከሆነ ኤክስሬዩ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጨረሩ የሚወጣው ከራሱ ከብላክ ሆሉ ሳይሆን፣ አጠገቡ ካለ ኮከብ እየመጠጠ ከሚወስደው ጋዝ ነው። ጋዙ ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን ይሽከረከራል። የውስጠኛው ክፍል ከውጨኛው ስለሚፈጥን እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፣ ከመዋጡም በፊት ኤክስሬይ ይረጫል።

ከባቢ አየራችን ይህን ጨረር መሬት ሳይደርስ ያስቀረዋል (ለጤናችን እሰየው ነው)፤ ስለዚህ መሣሪያው ከአየሩ በላይ መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በጁን 1962 በፊዚክስ ሊቁ በሪካርዶ ጃኮኒ የሚመራው ቡድን የጨረቃን ኤክስሬይ ለመፈለግ ከአሜሪካ፣ ከኒው ሜክሲኮ ሮኬት አስወነጨፈ፤ ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ምልከታም አቅራብ በተባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ያልተጠበቀ ብርቱ ምንጭ አገኘ። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሳተላይት ደግሞ የተነሣችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ ባሕር ላይ ከቆመ የጣሊያኖች መድረክ ነው። ዕለቱ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበር «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ «ነጻነት» ማለት ነው።

ኡሁሩ ሴንታውረስ ኤክስ-3 የተባለውን ምንጭ በየ4.8 ሴኮንዱ እንደ ልብ ሲመታ አገኘችው። እንዲህ ያለው ቋሚ ምት የኒውትሮን ኮከብ ምልክት ነው፤ ኒውትሮን ኮከብ ገጽ አለው፤ ብርቱው መግነጢሳዊ መስኩ ጋዙን ወደ ዋልታዎቹ ይነዳዋል፣ ኮከቡ ሲሾርም የጋለው ሥፍራ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር ትርታው ይደርሰናል። ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለው ሌላ የኤክስሬይ ምንጭ ግን ቋሚ ምት የለውም፤ ሥርዓት በሌለው ሁኔታ ይርገበገባል። አብሮት ያለው ግዙፍ ኮከብ በ5.6 ቀን አንድ ዙር ሲያጠናቅቅ ከሚያሳየው ፍጥነት ተነሥቶ የተሰላው የሲግነስ ኤክስ-1 ክብደት የፀሐይን 21 እጥፍ ገደማ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ደግሞ የፀሐይን ሦስት እጥፍ ካለፈ ራሱን መሸከም አይችልም፤ ስለዚህ ሲግነስ ኤክስ-1 ብላክ ሆል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ምልክት ነው፦ በአንዳንድ ኒውትሮን ኮከቦች ላይ የተከመረው ጋዝ በድንገት ሲፈነዳ ለጥቂት ሴኮንዶች ቦግ ይላል። ሲግነስ ኤክስ-1 ላይ እንዲህ ያለ ቦግታ አልታየም፤ ጋዙ የሚከመርበት ገጽ የለውምና።