ደረቅ ማገዶ ምንድን ነው?

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። ምድጃ ዳር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አበሳውን የሚያየው ደረቁ ነው፣ የእርጥቡን ውኃ የሚያተነው በእሱ ሙቀት ነውና።

ደረቅ የሚባለው የውኃው መጠን ከክብደቱ ከ20 በመቶ በታች የወረደ እንጨት ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ 10 ኪሎ የገዛ ሰው 5 ኪሎ ውኃ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው። ያን ውኃ ለማትነን የሚሄደው ሙቀት ግን የአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት እንኳ አይሞላም። ታዲያ ምጣዱ ለምን አልሰማ ይላል?

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፍልጡ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ የእንጨቱ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይዘልም፤ ደህና ነበልባል ደግሞ ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ያመልጣል። ዓይናችንን የሚያስለቅሰው ጭስ ገንዘብ የከፈልንበት፣ ያልነደደ ማገዶ ነው።

እርጥብ ፍልጥ አንድ ጫፉ ሲነድ በሌላው ጫፉ አረፋ ይደፍቃል። እንጨት ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ስላሉት ውኃው በጫፍ በኩል ይወጣል፣ ልጡ ግን ያፍነዋል። ስለዚህ አጠር አድርጎ መቁረጥና መፍለጥ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥብ ሳለ መፍለጡ ይሻላል፤ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ያስቸግራል።

ከጣና ዳሯ ዘጌ በደንገል ታንኳ ማገዶ የሚያመጡ ሰዎች የእርጥበትን ጣጣ ያውቁታል። ደንገሉ ራሱ ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳቸውን ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል።

እኛ ቤት ለማሞቅ ብዙም አናነድም፤ ጣጣው የእንጀራው ነው። እኔ ባለፈው ሐምሌ የገዛሁት ሸክም ዙሪያው ደረቅ፣ መሃሉ እርጥብ ነበር። ለክረምት የሚሆነውን በጥቅምት ፈልጦ ድንጋይ ላይ መደርደር፣ በመሃሉ ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት መተው፣ ሸራውንም ከላይ ብቻ ማልበስ ነው። ዙሪያውን ከሸፈኑት ይሻግታል።

መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ ማጋጨት የተለመደ ነው፤ ደረቅ «ኳ» ይላል። እኔ ሚዛን አምናለሁ። ገና እርጥብ ሳለ 2 ኪሎ የነበረውን አንድ ፍልጥ በከሰል ምልክት አድርጌ አልፎ አልፎ እመዝነዋለሁ፤ 1 ኪሎ ከሩብ ገደማ ሲገባ ክምሩን እነካዋለሁ።