ማርኬሳስ ደሴቶች፦ ላጉን የሌለው ፖሊኔዢያ

ፖሊኔዢያ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ያው ቦራ ቦራ ነው፣ ውሃ ላይ የቆመ ጎጆ፣ ነጭ አሸዋ፣ የጫጉላ ሽርሽር ምናምን። ማርኬሳስ ሌላ ነገር ነው። ላጉን፣ ማለትም በኮራል አለት የታጠረ ጸጥ ያለ ጥልቀት የሌለው የባህር ውሃ፣ የለውም ማለት ይቻላል፣ ውቅያኖሱ በቀጥታ መጥቶ ከጥቁር ገደል ጋር ይላተማል፣ አሸዋውም አብዛኛው ጥቁር ነው። ለመዋኘት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ብሩን ሌላ ቦታ አውሉት።

ደሴቶቹ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የፈረንሳይ ግዛት፣ የፈረንሳይ ፖሊኔዢያ፣ አካል ሲሆኑ ከዋናዋ ደሴት ከታሂቲ በሰሜን ምስራቅ 1,400 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃሉ። ደርዘን ገደማ ናቸው ግን ሰው የሚኖረው 6ቱ ላይ ብቻ ነው፦ በሰሜን ኑኩ ሂቫ፣ ኡአ ፖ እና ኡአ ሁካ፣ በደቡብ ሂቫ ኦአ፣ ታሁአታ እና ፋቱ ሂቫ። የሁሉም ህዝብ ተደምሮ 10 ሺህ አይሞላም። ሁሉም ከባህር ስር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው፣ አሁን እሳቱ ጠፍቷል፣ ኑኩ ሂቫ ላይ ያለችው የደሴቶቹ ዋና ከተማ የታይኦሃኤ ወደብ ራሱ አንድ ጎኑ ፈርሶ ባህር የገባበት የእሳተ ገሞራ አፍ ነው።

ነዋሪዎቹ አገራቸውን "የሰዎች ምድር" ነው የሚሉት፣ በደቡብ ቴ ፌኑአ ኤናታ፣ በሰሜን ቴ ሄኑአ ኤናና። ማርኬሳስ የሚለውን ስም የሰጠው በ1595 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በዚያ በኩል በመርከብ ያለፈው ስፔናዊ መርከበኛ ሜንዳኛ ነው፣ በፔሩ አስተዳዳሪ ማዕረግ ሰየመው። ፈረንሳይ በ1842 ያዘችው፣ ከዛ ከውጭ የገባ በሽታ ህዝቡን ጨረሰው፣ በ1920ዎቹ የቀረው 2 ሺህ ገደማ ሰው ነበር። ጫካ ውስጥ ስትሄዱ የምታዩት ያ ሁሉ የድንጋይ መድረክና የቤት መሰረት ለምን ባዶ እንደሆነ የሚገባችሁ ይሄን ስታውቁ ነው። በ2024 ዩኔስኮ ደሴቶቹን ለተፈጥሯቸውም ለባህላቸውም ብሎ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አሁን ወደ ጉዞው። መጀመሪያ ታሂቲ፣ ፓፔቴ መድረስ አለባችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ 8 ሰዓት ገደማ ይበራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚህ ጋ ይጠንቀቅ፦ ፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ሼንገን ውስጥ አይደለችም፣ የሼንገን ቪዛ አለኝ ብሎ መሄድ አይሰራም፣ ለፈረንሳይ የባህር ማዶ ግዛት ተብሎ የሚሰጠውን ነው ማውጣት ያለባችሁ፣ በአሜሪካ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካም ትራንዚት ቪዛ ይጨመራል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘው ወገናችን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ከፓፔቴ ኑኩ ሂቫ ወይ ሂቫ ኦአ በአውሮፕላን ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ኑኩ ሂቫ ስትደርሱ አለቀ እንዳትሉ፣ ኤርፖርቱ ያለው በደረቁ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ነው፣ እስከ ታይኦሃኤ ተራራ አቋርጦ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በመኪና አለ። ሰዓታችሁንም አስተካክሉ፣ ከታሂቲ እንኳን በግማሽ ሰዓት ይቀድማሉ፣ አዲስ አበባ እኩለ ቀን ሲሆን እዛ ገና የትናንቱ ምሽት 5 ሰዓት ተኩል ነው።

ሌላው መንገድ አራኑይ 5 የሚባለው መርከብ ነው። ግማሹ ጭነት ግማሹ መንገደኛ ነው፣ ከፓፔቴ ተነስቶ ለመመለስ 12 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ስድስቱንም ደሴቶች ያዳርሳል። ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ መኪና፣ የሱቅ እቃ ያራግፋል፣ ኮፕራ ማለትም የደረቀ ኮኮናት ጭኖ ይመለሳል፣ መርከቡ የገባ ቀን መንደሩ በሙሉ ወደብ ላይ ነው። ርካሽ አይደለም ግን ጊዜ ለሌለው ሰው የተሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ታሁአታና ፋቱ ሂቫ ኤርፖርት ስለሌላቸው በራሳችሁ ከሞከራችሁት የጀልባ ጥበቃ ላይ ቀናችሁ ያልቃል። በአውሮፕላን ለምትሄዱ የኔ ምክር ሁለት ደሴት በቂ ነው፣ ስድስቱንም ላዳርስ ያለ ሰው የሚያየው ኤርፖርት ነው።

ማደሪያው በአብዛኛው ፔንሲዮን ነው፣ የኛን ሰፈር ፔንሲዮን እንዳታስቡ ታዲያ፣ የሰው ቤት ነው፣ እራት ከባለቤቶቹ ጋር ትበላላችሁ። በኮኮናት ወተት የተሰራ ፍየል፣ ጥሬ ዓሳ በሎሚ፣ ብሬድፍሩት የሚባለው የዛፍ ፍሬ ተቀብሮ ቦክቶ የሚሰራው ፖፖይ (ቡኮና ቆጮ የለመደ ሰው አይደነግጥም)። ገንዘቡ የፓስፊክ ፍራንክ ነው፣ ከዩሮ ጋር የታሰረ፣ 1,000 ፍራንክ 8.38 ዩሮ። ካሽ ያዙ፣ ኤቲኤም ትልልቆቹ መንደሮች ላይ ብቻ ነው። ኖኖ ለሚባለው ትንሽ ተናካሽ ዝንብ መከላከያ ቅባት ከያዛችሁ ደግሞ ታመሰግኑኛላችሁ፣ ንክሻው ለቀናት ያሳክካል።

ምን ይታያል ካላችሁ፣ ሂቫ ኦአ ላይ ፑአማኡ ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ታካኢ የሚባል የድንጋይ ቲኪ (የሰው ቅርጽ ሐውልት) አለ። እዛው ደሴት ላይ አቱኦና መንደር መቃብር ላይ ደግሞ በ1903 እዛው የሞተው ሰዓሊ ጎጋን እና ቤልጂየማዊው ዘፋኝ ዣክ ብሬል ተቀብረዋል። ሰው ሁሉ ለጎጋን ነው የሚሄደው፣ ለኔ ብሬል ይበልጣል፣ በራሱ ትንሽ አውሮፕላን ለደሴቱ ሰው ፖስታና በሽተኛ ያመላልስ ነበር፣ ጎጋን ግን ከትንንሽ ልጃገረዶች ጋር የነበረው ነገር እስካሁን ያነጋግራል። ኡአ ፖ ሰማይ የሚወጉ የድንጋይ ምሰሶዎች አሏት፣ ትልቁ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። ኡአ ሁካ ላይ ባለቤት የሌለው የሚመስል ፈረስ በየሜዳው ይግጣል።

እግር ያለው ሰው ግን ፋቱ ሂቫ ላይ ከኦሞአ እስከ ሃናቫቬ ያለውን 17 ኪሎሜትር መንገድ ይሂድ። መጨረሻው ላይ ባህሩ ዳር የቆሙት የድንጋይ ዓምዶች ቅርጻቸው ግልጽ ነው፣ የድሮ መርከበኞችም ባሕረ ሰላጤውን በፈረንሳይኛ በወንድ ብልት ስም ነበር የሚጠሩት፣ ሚሲዮናውያኑ አፍረው አንዲት ፊደል ጨመሩበትና "የደናግል ባሕረ ሰላጤ" አደረጉት ይባላል።